«ትናንት አይቼዋለሁ» ስህተት ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። የእንግሊዝኛ መምህሩ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» አይባልም ብለው አርመውታል። አሁን ደግሞ እሱ ቤት ውስጥ እኔን ያርመኛል። «ትናንት አይቼዋለሁ» ስል «ትናንት ካልሽ አየሁት በይ» ይለኛል። ማነው ልክ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መምህሩም ልክ ናቸው፣ እርስዎም ልክ ነዎት። ልጁ ነው የእንግሊዝኛውን ሕግ አማርኛ ላይ የጫነው።

እንግሊዝኛ «ሃቭ» ያለበትን ግስ «የስተርደይ»ን ከመሰለ ያለቀለት ጊዜ ጋር አያጋባም። አማርኛ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ የለውም። «አንኮበርን በልጅነቴ አይቼዋለሁ» ቢሉ የማንንም ጆሮ አይቆረቁርም። ሰው የሚያሳስተው የ«አይቼዋለሁ» ዓይነቱ ግስ ስም ነው መሰለኝ፤ ትምህርት ቤት «የቅርብ ኃላፊ» ተብሎ ነዋ የተማርነው!

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ከደብረ ሲና የመጣ ሹፌር «ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዷል» ካለዎት ጉሙ አሁንም እዚያው ነው፤ መብራት አብርቶ ቀስ ማለት ነው። «ወርዶ ነበር» ካለ ምናልባት ተገፍፏል። «ጉም ወረደ፣ መንገዱ ጠፋን፣ ዳር ይዘን ቆምን» ካለ ደግሞ ወግ ይዟል። ለትረካ የሚያምረው ይኸኛው ነው። «ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ» እንላለን፤ «ተወልደዋል» ሲሆን የስብሰባ ሪፖርት ይመስላል።

ልጁ ይልቅ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። «ደብረ ብርሃን አምስት ዓመት ኖሬያለሁ» ቢል ሰሚው «አሁንስ የት ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ለቆ የሄደ ነው የሚመስለው። እንግሊዝኛው በ«ሃቭ» እና በ«ፎር» ሲነገር ግን ሰውዬው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አለ። ያንን በአማርኛ «ደብረ ብርሃን መኖር ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ» ነው የምንለው። «ሲንስ» ሲመጣም «ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ነው የምኖረው» ይበል። «ከ2010 ጀምሮ ኖሬያለሁ» ትርጉም ትርጉም ይሸታል።

አሉታው ላይ ደግሞ «መጣ»ም «መጥቷል»ም ያው «አልመጣም» ናቸው። ግሱ አይለይልንም፣ የሚለየው የጊዜ ቃሉ ነው። «ትናንት አልመጣም» ካሉ ነገሩ አልፏል፤ «ገና አልመጣም» ካሉ ሰውየው ይጠበቃል። ስለዚህ ልጅዎ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ «ትናንት» ካየ «ዲድ»ን ይያዝ፣ «ገና» ወይም «እስካሁን» ካየ ወደ «ሃቭ» ይሂድ።