ኮርስ የሚለካው በገጹ ነው፦ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለምትማሩ ልጆች

ውድ ልጆች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በአያት፣ በካራ፣ በሰበታና በቡራዩ በኩል ከቤታችሁ እየተመላለሳችሁ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለምትማሩ፣ ወይም ዘንድሮ ዲፓርትመንት ለምትመርጡ ነው። ስለ ሥነ ጽሑፍ ጥቅም የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። እኔ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ኮርሶቹ እንዴት እንደሚያዙ ነው፤ የትኛው ከየትኛው ጋር አብሮ ይሄዳል፣ የትኛውስ ሲደራረብ ጎበዙንም ልጅ ይጥላል።

«ኮርሱን የሚደለድለው ዲፓርትመንቱ ነው፤ እኛ ምኑን እናቅዳለን?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ የመጀመሪያው ዓመት የፍሬሽማን የጋራ ኮርስ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለውም በብሬክዳውኑ (በየሴሚስተሩ የኮርስ ድልድል) ተዘርዝሮ ይሰጣችኋል። በእጃችሁ የሚቀረው ኢሌክቲቩ (በምርጫ የሚወሰደው ኮርስ)፣ የአድና ድሮፑ (ኮርስ የሚጨመርበትና የሚተውበት) ሰሞን፣ የሲኒየር ኤሴይ (የመመረቂያው ጽሑፍ) ርዕስና ሁለቱ የክረምት ወራት ናቸው። እነዚህ ትንሽ ቢመስሉም ተማሪው የሚያልፈውና የሚወድቀው እነሱን በያዘበት መንገድ ነው። ስለዚህ ብሬክዳውኑን ከዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ወይም ከአድቫይዘራችሁ ዘንድ ዛሬውኑ ወስዳችሁ ኮፒ አድርጉት፤ በየኮርሱ ጎን ባዶ ቦታ ተዉ። በዚያ ባዶ ቦታ ላይ የምትጽፉት ገጽ ነው።

ለምን ገጽ? 3 ክሬዲት የሆነ የፎነቲክስ (የንግግር ድምፆች ጥናት) ኮርስና 3 ክሬዲት የሆነ የልቦለድ ኮርስ በትራንስክሪፕቱ ላይ እኩል ናቸው፤ በሳምንታችሁ ላይ ግን ፈጽሞ እኩል አይደሉም። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በሀገራችን ሥርዓተ ትምህርት 1 ኢሲቲኤስ (የኮርስ የሥራ ጫና መለኪያ) አብዛኛውን ጊዜ 27 የሥራ ሰዓት ሆኖ ይሰላል፤ ባለ 3 ክሬዲቱ ኮርስ 5 ኢሲቲኤስ ቢሆን 135 ሰዓት ይፈልጋል ማለት ነው። በሳምንት 3 ሰዓት ለ16 ሳምንት ክፍል ብትቀመጡ 48 ሰዓት ይሄዳል፤ ለራሳችሁ የሚቀረው 87 ነው። አሁን የልቦለድ ኮርሱ እያንዳንዳቸው ወደ 300 ገጽ የሆኑ አራት መጻሕፍት አሉት እንበል፤ ጠቅላላው 1,200 ገጽ ነው። ሰዓት ይዛችሁ፣ ስልክ ዘግታችሁ፣ መዝገበ ቃላት አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አንድ ሰዓት አንብቡና ስንት ገጽ እንደሄዳችሁ ቁጠሩ። 15 ገጽ ከሆነ 1,200ው ገጽ 80 ሰዓት ይበላል። ከ87ቱ ሰባት ሰዓት ብቻ ተረፈ፤ አሳይመንቱም፣ ለፋይናል ደግሞ ማንበቡም በዚያ ውስጥ መግባት አለበት። አይገባም። ተማሪው ማጠቃለያ ከኢንተርኔት ወደ ማንበብ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ስንፍና ይዞት ሳይሆን ይህን ሂሳብ አስቀድሞ ስላልሠራ ነው።

ማጠቃለያ ደግሞ ፈተና ላይ አያወጣም። ጥሩ መምህር ከመጽሐፉ ሁለት አንቀጽ ቆርጦ ያመጣና «ይህ ንግግር የማን ነው? ከምን በኋላ ተባለ? ቃሉ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። ታሪኩን የሚያውቅና መጽሐፉን ያነበበ ሰው የሚለዩት እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ገጹን በየኮርሱ ጎን ጻፉ። የንባብ ዝርዝሩን ኮርሱን ከሚሰጠው መምህር፣ እሱ ካልተገኘ ካለፈው ዓመት ተማሪ ጠይቁ። ከዚያ ሴሚስተሩን ስትደምሩ ልቦለድና የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ አንድ ላይ ከወደቁ አደጋ እንዳለ እወቁ፤ ሁለቱም የረጅም ንባብ ኮርሶች ናቸው። ዲፓርትመንቱ ራሱ አንድ ላይ ካደረጋቸው መውጫው ክረምት ነው፤ ከዝርዝሩ ረጅሞቹን ሁለት መጻሕፍት በሐምሌና በነሐሴ ጨርሷቸው። በቀን 20 ገጽ ቢሆን 600 ገጽ በ30 ቀን ያልቃል። በእጃችሁ ባለው ኢሌክቲቭ ላይ ግን በዚያ ሴሚስተር ሌላ የንባብ ኮርስ አትጨምሩ፤ የትርጉም ሥራ ወይም የጽሕፈት ኮርስ ያዙ። ልቦለድ ከድራማ ጋር፣ ልቦለድ ከሲንታክስ (የዐረፍተ ነገር አወቃቀር ጥናት) ጋር ደህና ይሄዳል። ድራማ አንዱ ጽሑፍ መድረክ ላይ ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ነው፤ ሦስት ሆናችሁ ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍላችሁ ድምፅ አውጥታችሁ ብታነቡት በአንድ ቅዳሜ ታገባድዱታላችሁ።

አሁን መንገዱን ጨምሩበት። አምስት ኮርስ ብትይዙ በየሳምንቱ 15 ሰዓት ክፍል፣ ወደ 27 ሰዓት ደግሞ የግል ሥራ አለ፤ 42 ሆነ። ከቱሉ ዲምቱ ስድስት ኪሎ ደርሶ መልስ በቀን 3 ሰዓት የሚፈጅባችሁ ከሆነ አምስት ቀን 15 ሰዓት ነው፤ 57 ገባ። በዶርም የሚኖረው ጓደኛችሁ ይህ 15 ሰዓት የለበትም፤ እሱ በሚያነብበት ፕሮግራም እናንተ ማንበብ አትችሉም። ከክፍል እንደወጣችሁ ወደ ሰልፉ አትሩጡ። በአራት ኪሎው አብርሆት ወይም በግቢያችሁ ላይብረሪ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ፤ በዚያ መካከል ሰልፉም ይቀንሳል። ታክሲ ውስጥ ልቦለድ በስልክ ለማንበብ አትድከሙ፤ ዐይን ይደክማል፣ የተነበበውም አይያዝም። ለመንገድ የሚመቸው ጆሮ ነው። የቅጂ መብታቸው ያለፈ የድሮ መጻሕፍትን ሊብሪቮክስ በድምፅ፣ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በጽሑፍ በነጻ ያቀርባሉ፤ ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ ያዙና ትናንት ማታ ያነበባችሁትን ምዕራፍ በመንገድ መልሳችሁ ስሙት። ያልተነበበውን በመስማት መጀመር ግን አይመከርም፤ የማታውቁት ቃል ሳይያዝ ያልፋል። የማታ ተማሪዎች ከምሽቱ 2፡30 ወጥታችሁ ሌሊት እቤት ስትደርሱ መጽሐፍ አትክፈቱ፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥታችሁ የምታነቡት አንድ ሰዓት ከዚያ ይበልጣል።

በጣም የምጨነቅበት ነገር የግጥም ኮርስ ነው፤ ብዙ ልጆች የሚፈሩትም እሱን ነው። ቦታው ከልቦለድ በፊት ቢሆን እመርጣለሁ። 14 ስንኝ ላይ አንድ ሳምንት ቆይቶ ቃል በቃል መመርመርን የተማረ ልጅ 300 ገጽ ሲሰጠው የት ላይ መቆም እንዳለበት ያውቃል፤ ተገላቢጦሹ ግን አይሠራም።

ችግሩ ምኑ ላይ ነው? በአማርኛ ግጥም ስንኝ የሚለካው በቀለም፣ ማለትም ቃሉ ሲጠራ በሚከፋፈልበት የድምፅ ክፍል (ሲለብል) ነው። የወል ቤት 12 ቀለም አለው፤ ስድስቱ ላይ አረፍ ይልና ሌላ ስድስት ይቀጥላል። ጆሯችን በዚህ ስለተቃኘ የእንግሊዝኛውንም ስንኝ ቀለም ቆጥረን ልንጨርሰው እንሞክራለን። የእንግሊዝኛ ስንኝ ግን ከቁጥሩ ሌላ በጫና ይቆማል፤ በቃሉ ውስጥ ከፍ ተደርጎ የሚጠራው ቀለም የት ላይ እንደወደቀ ነው የሚታየው። አያምቢክ ፔንታሚተር የሚባለው ምት በመሠረቱ 10 ቀለም ያለው ሆኖ ዝቅ–ከፍ፣ ዝቅ–ከፍ እያለ አምስት ጊዜ ይመታል። ይህን ከአማርኛው መጥበቅና መላላት ጋር አታምታቱት፤ የእኛ መጥበቅ የተነባቢ ነገር ነው፣ የእነሱ ጫና ቀለሙን በሙሉ ያነሣዋል። መለማመጃው እንዲህ ነው፦ ከአንድ ሶኔት (ባለ 14 ስንኝ ግጥም) አራት ስንኝ ብቻ ውሰዱ፤ ከአንድ ቀለም በላይ ያላቸውን ቃላት ሁሉ በመዝገበ ቃላት ፈልጉ፤ ከፍ ከሚለው ቀለም በፊት ትንሽ ቁም ሰረዝ ታያላችሁ፣ እሷን በእርሳስ ስንኙ ላይ አስቀምጡ፤ ከዚያ በእጃችሁ እየመታችሁ አንብቡ። ምቱ ተስተካክሎ ሲሄድ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ሲሰበር እዚያ ጋ ገጣሚው አንድ ነገር እያደረገ ነው፤ የድርሰታችሁ የመጀመሪያ አንቀጽ ከዚያ ይነሣል። ፎነቲክስና ግጥም በአንድ ሴሚስተር ከተገናኙላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ አንዱ ለሌላው መሣሪያ ነው።

ሰምና ወርቅ ስለምታውቁም ከግጥሙ ሁሉ የተደበቀ ወርቅ ለመቆፈር ትቸኩላላችሁ። መቆፈሩ ጥሩ ልማድ ነው፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ ግጥም ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ የታወቀ ፍቺ የለም። ሁለት ሦስት ትርጉም ጎን ለጎን እንደቆሙ ይቀራሉ፣ የሚፈለገውም ሁሉንም ከቃሉ እያወጡ ማሳየት ነው።

በሌላ በኩል ለእናንተ የቀለለ ነገር አለ። በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝኛ «ዳው» እና «ዩ» የሚሉ ሁለት መጠሪያዎች ነበሩት፤ የመጀመሪያው ለቅርብ ሰው፣ ለበታች ወይም ለማዋረድ፣ ሁለተኛው ለአክብሮት። የዛሬው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ከግርጌ ማስታወሻ ይማረዋል። «አንተ» እና «እርስዎ» እያለ ያደገ ልጅ ግን አንድ ገጸ ባሕርይ በንግግሩ መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ምን እንደተቀየረ ወዲያው ይሰማዋል። በድራማ ኮርስ ይህን ተከትላችሁ አሳይመንት ጻፉ።

የዘመናቱን አጠቃላይ ጥናት የሚሰጠው ኮርስ ሲመጣ አንድ ወረቀት በአግድሙ አሥምሩ፤ ከገጣሚው ከቾሰር፣ ከ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምራችሁ፣ የሼክስፒርን 1564–1616፣ የሮማንቲክ ገጣሚዎቹን መነሻ 1798 እያላችሁ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ስለሆኑ ከእኛ አቆጣጠር ጋር አትቀላቅሏቸው። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የእንግሊዝኛው ሥነ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በ1611 የወጣውን ትርጉም (ኪንግ ጄምስ) ቃል ስለሚጠቅስ ዘፍጥረትን፣ ኢዮብንና አንዱን ወንጌል በዚያ ትርጉም አንብቡ። የሚጎድላችሁ የግሪክና የሮማ አማልክት ተረት ነው። ለእሱ ሁለት የክረምት ሳምንት ይበቃል።

የሥነ ጽሑፍ ቲዎሪ (ንድፈ ሐሳብ) ኮርስ እንደ ግጥም፣ ልቦለድና ድራማ ካሉት የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ኮርሶች ቢያንስ ሁለቱ ካለፉ በኋላ ቢመጣ ይሻላል። ቀድሞ ከመጣ እያንዳንዱን ቲዎሪ ወደ አንድ ጥያቄ አሳጥሩት፦ የሚሠራው ማን ነው፣ የሚበላውስ? የሴቲቱን ታሪክ የሚነግረን ማን ነው? ቋንቋው የማን ነው? ስም ለጥፎ መሄድ ውጤት የሚያስቀንሰው ጥያቄው ከጽሑፉ ጋር ሳይገናኝ ስለሚቀር ነው።

ስለ ውጤት አንድ ሂሳብ ብቻ። 64 ክሬዲት በ2.60 የያዘ ልጅ በቀጣዩ ሴሚስተር 16 ክሬዲት በ3.40 ቢያመጣ አጠቃላዩ 2.76 ነው የሚሆነው። በኋላ የሚመጣ ጥረት ቁጥሩን የሚያንቀሳቅሰው በጣም በዝግታ ነው፤ ስለዚህ ፍሬሽማንን «የጋራ ኮርስ ነው» ብላችሁ አትልቀቁት። ፕሪሪኩዚት (ለቀጣዩ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ) የሆነ ኮርስ ላይ ኤፍ መያዝ ደግሞ ከነጥቡ በላይ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙዎቹ ኮርሶች የሚሰጡት በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ ቀጣዩም ያንን ይጠብቃል። ከሚድ በፊት መስመር እንደሳታችሁ ካወቃችሁ የድሮፕ ቀነ ገደቡን ከሬጅስትራር ጠይቁ፤ ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ካረጀ በኋላ መሄድ ዋጋ የለውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። የሚጠይቀው ካለፉት ዋና ዋና ኮርሶች ስለሆነ ከእያንዳንዱ ኮርስ ማብቂያ ላይ አንድ ገጽ ማጠቃለያ በራሳችሁ እጅ ጽፋችሁ በአንድ ክላሰር አስቀምጡ፤ ሃንዳውቱን አትጣሉ።

የሲኒየር ኤሴይ ርዕስ በሦስተኛው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ይታሰብ። «ሴቶች በአፍሪካ ልቦለድ» ርዕስ አይደለም፤ የሕይወት ዘመን ሥራ ነው። አንድ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፉም አንድ ነገር ውሰዱ፦ ተራኪው ምን እንደሚደብቅ፣ ምሳሌያዊ አነጋገር በማን አፍ እንደሚነገር። የሀገራችሁን ነገር ከፈለጋችሁም ጥሩ ሜዳ አለ። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ራሴላስ» ስለ አቢሲኒያ ልዑል ነው፤ ጸሐፊው ሀገሪቱን አላያትም፣ በ1735 እ.ኤ.አ. ግን የኢየሱሳዊውን (የካቶሊክ ሚስዮናዊውን) ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ ነበር። ከዚያ ጉዞ መጽሐፍ ምን እንደወሰደና ምን እንደፈጠረ ማነጻጸር ለአንድ ኤሴይ ልክ ነው፤ ሁለቱም መጻሕፍት በነጻ ይገኛሉ።

ርዕሱን ለአድቫይዘር ከማቅረባችሁ በፊት መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ በሁለተኛው ንባብ የምትጠቅሱትን ዐረፍተ ነገር ሁሉ ከገጽ ቁጥሩ ጋር በደብተር ገልብጡ። የየትኛው አሳታሚ፣ የስንት ዓመተ ምሕረት እትም እንደሆነም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉ። ከጓደኛ የተዋሳችሁት መጽሐፍና በስልካችሁ ያለው ፒዲኤፍ የገጽ ቁጥራቸው አይገጥምም፤ ጽሑፉ ሊታሰር ሦስት ቀን ሲቀረው ጥቅሱን ሁሉ እንደ አዲስ መፈለግ ይመጣል። ረቂቁን ለአድቫይዘራችሁ በምዕራፍ እየከፈላችሁ ስጡ፤ ሁለት ሳምንት ለእሳቸው፣ አንድ ሳምንት ለማረሚያ፣ የመጨረሻውን ሳምንት ደግሞ ለኅትመትና ለጥረዛ ተዉ፤ በዚያ ሳምንት መብራት ሊጠፋም ይችላልና ጽሑፉን በፍላሽም በኢሜይላችሁም አኑሩት።