መብራት ከጠፋ በኋላ ስታክ ያደረገ አውትሉክ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የትራንዚት ሥራ እሠራለሁ። ኢሜይሌን የምከፍተው ቤት ባለው ዴስክቶፕ፣ በአውትሉክ 2016 ነው፤ አካውንቱ የገባው በፖፕ ነው። በቅርቡ መብራት ድንገት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ፕሮግራሙ ይከፈትና ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ፎርማት ይደረግ ተባልኩ። ላስደርገው?

መልስ፦ አያስደርጉት። በፖፕ የገባ አካውንት ደብዳቤውን ከሰርቨር አውርዶ እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል። ሰርቨር ላይ የሚቀረው ኮፒ፣ ቅንብሩ ካልተነካ፣ ከ14 ቀን በኋላ ይጠፋል። ስለዚህ የእስከ ዛሬው ቢል ኦፍ ሌዲንግና ኢንቮይስ ሁሉ ያለው ፒኤስቲ በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ነው፤ ፎርማት የሚያጠፋው እሱን ነው። አብሽሩ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ድረስ ማሽኑን ከመሸከምዎ በፊት ቤትዎ የሚሞከር አለ።

መጀመሪያ በእርግጥ ቆሟል ወይስ እየሠራ ነው የሚለውን ይለዩ። መብራት ሲጠፋ ፋይሉ በወጉ ስላልተዘጋ አውትሉክ ሲከፈት ይፈትሸዋል። ፋይሉ ትልቅ፣ ሃርድ ዲስኩም አሮጌው የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ፍተሻው ይረዝማል፤ መስኮቱም ነጭ ሆኖ ይቆያል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱ። በአውትሉክ መስመር የዲስኩ ቁጥር የሚንቀሳቀስ ከሆነ ይተዉት። በግድ በዘጉት ቁጥር ፍተሻው እንደገና ከሀ ይጀምራል፤ አብዛኛው ሰው ነገሩን የሚያባብሰው እዚህ ላይ ነው። ዲስኩም ሲፒዩውም ለግማሽ ሰዓት ዜሮ ላይ ከቆዩ ግን "ኢንድ ታስክ" ይበሉት።

ከዚያ ሌላ ነገር ሳይነኩ የፒኤስቲ ፋይሉን ወደ ፍላሽ ኮፒ ያድርጉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዶክመንትስ ውስጥ፣ "አውትሉክ ፋይልስ" በሚለው ፎልደር ነው። ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ "ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው" ካለዎት ፍላሹ ፋት 32 ነው፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። በውስጡ ያለውን አውጥተው ኤክስፋት አድርገው ፎርማት ያድርጉት። ፎርማት የሚደረገው ፍላሹ ነው እንግዲህ!

አሁን ኮንትሮልን ተጭነው ይዘው የአውትሉክን ምልክት ይክፈቱ፤ በሴፍ ሞድ ልክፈት ወይ ሲል "የስ" ይበሉ። እንዲህ ሲሆን በደህና ከተከፈተ ጥፋቱ ከአድኢን (አውትሉክ ላይ ከሚታከል ትንሽ ፕሮግራም) ነው። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድኢንስ ገብተው ከታች "ኮም አድኢንስ" ላይ "ጎ" ይበሉና ሁሉንም ያጥፉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ ይሞክሩ። የአንቲቫይረስና የፒዲኤፍ አድኢኖችን ቀድመው ይጠርጥሩ።

የሚደርቀው ሲልክ ብቻ ከሆነ "ወርክ ኦፍላይን"ን ተጭነው አውትቦክስን ይመልከቱ። ለምሳሌ በጂሜይል አታች ተደርጎ የሚላከው እስከ 25 ሜጋባይት ነው፤ አታች የተደረገ ፋይል ደግሞ ሲላክ በሲሶ ያህል ስለሚያብጥ ትልቅ ስካን እዚያው ተቀርቅሮ ሊቀር ይችላል። ያጥፉትና ሰነዱን በ200 ዲፒአይ፣ ያለ ቀለም እንደገና ስካን ያድርጉ፤ ለንባብ ይበቃል።

በሴፍ ሞድም ካልተከፈተ ፋይሉ ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የሚጠገነው ከኦፊስ ጋር አብሮ በሚመጣው፣ ስካንፒኤስቲ በሚባለው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ማይክሮሶፍት ኦፊስን፣ ሩትን፣ ከዚያ ኦፊስ 16ን ሲከፍቱ ብዙ ጊዜ ያገኙታል። ፋይሉ ተይዟል ካለዎት አውትሉክ ከጀርባ አልተዘጋም፤ በታስክ ማኔጀር ይዝጉት። መጠባበቂያ ኮፒ የሚለውን ምልክት አያንሱ። አንድ ዙር ስለማይበቃ ስህተት የለም እስኪል ይደጋግሙት። ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አይጀምሩት፤ ጥገናው መሃል ላይ ከተቋረጠ ጉዳቱ ይብሳል። ከፎልደራቸው የተለያዩ ደብዳቤዎች "ሎስት ኤንድ ፋውንድ" ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ።

ለወደፊቱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ይግዙ። 650 ቪኤ የሆነው ለአንድ ዴስክቶፕና ስክሪን ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፤ አውትሉክን ዘግቶ ማሽኑን ለማጥፋት ይበቃል። ሌዘር ፕሪንተሩን ግን እሱ ላይ አይሰኩት፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ያስጮኸውና ኮምፒውተሩንም አብሮ ያጠፋዋል።