የጓሮ ጥያቄና መልስ፦ የሃሎዊን ዱባ እስከ ኦክቶበር 31 እንዴት ይቆይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ልጆቼ ለሃሎዊን ይቀርጹታል ብዬ ሜይ መጀመሪያ ላይ የዘራሁት «ሃውደን» የተባለው ዱባ ኦገስት ሳያልቅ ደረሰ። ሐረጉ ላይ ልተወው ወይስ ልቁረጠው? ብቆርጠው ሁለት ወር ይቆይልኛል?
(ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ከበሰለ ይቁረጡት፤ በአግባቡ ከተያዘ ሁለት ወር አያቅተውም። መብሰሉን ግን በቀለሙ ብቻ አይፍረዱ። የአውራ ጣትዎን ጥፍር ልጣጩ ላይ ጫን አድርጉት። ሰርጎ ከገባ ገና ነው፤ ካልገባለት ደርሷል። ዱባውን ከሐረጉ ጋር የሚያያይዘውን እጀታም ይዩ። አረንጓዴና ለስላሳ ከሆነ ጥቂት ቀን ይታገሡ፤ ጠንክሮ መድረቅ ሲጀምር ይቁረጡ። በጣት እያንኳኩ ድምፁን የሚያዳምጡ አሉ፤ እኛ ጥፍሩን እናምናለን።

ቅጠሉ ጤናማ ሆኖ ዱባውን ካጠለለለት አንድ ሁለት ሳምንት ሐረጉ ላይ ቢሰነብት ችግር የለውም። ችግሩ በእናንተ አካባቢ በበጋው መጨረሻ ቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ በሽታ መብዛቱ ነው። ቅጠሉ ሲረግፍ ዱባውን ፀሐይ ይለበልበዋል፣ እጀታውም ይጫጫል። ዝናብ ከተደገመ ደግሞ መሬት የነካው ጎን ይበሰብሳል። ስለዚህ ቅጠሉ መርገፍ ከጀመረ አይጠብቁ።

አየሩ ደረቅ የሆነበትን ቀን መርጠው በስለታም የአትክልት መቀስ ከ3 እስከ 4 ኢንች እጀታ አስቀርተው ይቁረጡ። ጠምዝዞ መንጠል አይሆንም። ሲያነሱትም ከሥሩ አቅፈው እንጂ እጀታውን ይዘው አይደለም። እጀታው ከተገነጠለ ቦታው ክፍት ቁስል ይሆናል፣ ሻጋታም የሚገባው በዚያ ነው። መጋዘን ውስጥ ከሚበላሹት ዱባዎች ብዙዎቹ ሲቆረጡ ወይም ሲጫኑ የተላጡ፣ የተጋጩ ወይም እጀታቸው የተሰበረ ናቸው። እጀታው የወደቀ ዱባ ካለዎት ለብቻው አድርገው ቀድመው ይጠቀሙበት።

አፈሩን በጨርቅ ይጥረጉ። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጠው ልጣጩን ያብሱትና በደንብ ያድርቁት። ቀጥሎ 10 ቀን ያህል ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ፋራናይት (ከ27 እስከ 29 ሴንቲግሬድ) ሙቀት ያለው፣ ነፋስ የሚገባበት ጥላ ቦታ ይቀመጥ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ጋራዥ ወይም ጣሪያ ያለው በረንዳ ይበቃል። በእነዚህ ቀናት ልጣጩ ይጠነክራል፣ ትናንሽ ጭረቶች ይደርቃሉ፣ እጀታውም እንጨት ይሆናል። ይህን የዘለለ ሰው በኋላ በረኪና ቢያፈስ ብዙም አይረዳውም።

ከዚያ ወዲያ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ (ከ10 እስከ 13 ሴንቲግሬድ) ወደሚሆን ደረቅ ቤዝመንት ያውርዱት። ባዶ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥ፤ እርጥበት ከሥር ይይዘዋል። ካርቶን ወይም እንጨት ያንጥፉለት፣ አንዱን በአንዱ ላይ አይከምሩ፣ እርስ በርስም አይነካኩ። ከፖም አጠገብ አያድርጉት፤ ፖም የሚያወጣው ጋዝ ዱባውን ያስረጀዋል። በየሳምንቱ ሥሩን እየዳበሱ የለሰለሰውን ያውጡ። ፍሪጅ ውስጥ ለሳምንታት ማቆየት ግን ስህተት ነው፤ ከ50 ዲግሪ በታች የሰነበተ ዱባ ልጣጩ ጎድጎድ ጎድጎድ ይልና ከወጣ በኋላ ቶሎ ይፈርሳል።

ለከርሞው፦ ሃውደን ለመድረስ 115 ቀን ያህል ይፈልጋል። በሜሪላንድ ጁን 10 አካባቢ ቢዘሩት ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ይደርስልዎታል።

ጥያቄ፦ «አትላንቲክ ጃይንት» የተባለውን ዱባ ዘርቼ አንዱ 150 ፓውንድ የሚሆን ይመስለኛል። ውርጭ ሊጥል ነው ተባለ፣ አንዱ ጎኑ ግን ገና ገርጥቷል። ምን ላድርግ?
(ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)

መልስ፦ ቀላል ውርጭ የሚያቃጥለው ቅጠሉን ነው። ለአንድ ሌሊት ከሆነ ማታ በአሮጌ ብርድ ልብስ ይሸፍኑትና ጠዋት ይግለጡት። ሙቀቱ ወደ 27 ዲግሪ (3 ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች) ወርዶ ለሰዓታት ይቆያል ከተባለ ግን ዛሬውኑ ያስገቡት፤ ሥጋው ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ቀለም መያዝ የጀመረው ጎን ቤት ውስጥ ሞቅ ባለ ቦታ መቅላቱን ይቀጥላል። ፍጹም አረንጓዴ የሆነውን ግን አይጠብቁት።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው የእርስዎ ዱባ ከሃውደን ሌላ ዝርያ ነው። ቢበስልም ልጣጩ ለስላሳ ስለሆነ በጥፍር አይፈተንም፣ እጀታው እንደ ቡሽ የወፈረ ስለሆነ በመጋዝ ይቆረጣል፣ እንደ ሃውደንም ብዙ አይቆይም። ለማንሳት አንዱን ጎን በቀስታ ቀና አድርገው ጠንካራ ሸራ ከሥሩ ያስገቡ፤ ከዚያ አራት ሰው ማዕዘን ማዕዘኑን ይዞ፣ ወገቡን ሳይሆን ጉልበቱን አጥፎ ያነሳዋል። በ2023 የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው የሚኒሶታው ዱባ 2,749 ፓውንድ ነበር፤ እንዲህ ያለውን የሚያነሳው ማሽን ነው።

ጥያቄ፦ በቀረጽነው በሦስተኛው ቀን ሻገተ። የሚረጭ ነገር አለ?
(ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ የተቀረጸ ዱባ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ከቆየ ደህና ነው፤ ሞቃት ሳምንት ከገጠመው ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ኦክቶበር 29 ወይም 30 ይቅረጹት። ክዳኑን ሲቆርጡ ቢላውን ወደ መሃል ያዘንብሉት፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ክዳን ወደ ውስጥ ይወድቃል። ፍሬውንና ክሩን ሁሉ በብረት ማንኪያ ፍቀው ያውጡ፣ ፊት የሚቀረጽበትን ግድግዳም አንድ ኢንች ያህል ውፍረት እስኪቀረው ያሳሱት። ከዚያ በአንድ ጋሎን ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና አድርገው ያለቅልቁትና ደፍተው ያድርቁት።

የተቆረጠውን ጠርዝ ቫዝሊን ቢቀቡት መጨማደዱ ይዘገያል፤ ቫዝሊን ግን እሳት ይይዛል፣ በባትሪ መብራት ይጠቀሙ። ሻማው ራሱም ክዳኑን ከውስጥ ያበስለዋል። የፀጉር ስፕሬይ የሚመክሩትን አይስሙ። ደርቆ ከተጨማደደ አንድ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢነከር ይመለሳል። የሻገተው ግን አይመለስም፣ ይጣል።

ጥያቄ፦ ከሃሎዊን በኋላ ዱባ ወጥ ይሆናል?
(ከሲያትል)

መልስ፦ በረኪና የነካውና ደጅ ያደረው አይበላም። ሳይቀረጽ የቀረው ይበላል፣ ግን ውሃና ክር ስለሚበዛበት ወጡ ይቀጥናል፤ ለወጥ በተርነት ወይም ካቦቻ የተባሉትን የዱባ ዓይነቶች ይግዙ። ፍሬውን ግን በቀረጹ ዕለት አጥበው፣ በፎጣ አድርቀው፣ ጨው ነስንሰው በ325 ዲግሪ ኦቨን እያገላበጡ 20 ደቂቃ ያህል ይቁሉት።