አረቄን በአንድ ጊዜ ስለማስተው

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን ያለውን ወንድምሽን ቤት ቆልፋችሁበት አረቄውን በአንድ ጊዜ ልታስተዉት አስባችሁ እንደሆነ ጽፈሻል። እባካችሁ አታድርጉት! ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚጥል በሽታ ጥሎ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አእምሮን ስቶ መቃዠት ሊከተል ይችላል፣ ይህም ሊገድል ይችላል። አንድ ጠጪ ጎረቤታችን ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲኒ ማንሳት አቅቶት ቡናው ጋቢው ላይ ሲፈስ አይቻለሁ። ሰው ስንፍና ይለው ነበር፤ ሕመም ነው። ወንድምሽን ሆስፒታል ውሰዱት፤ መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 አለ። ለሐኪሙ በቀን ስንት መለኪያ እንደሚጠጣና የመጨረሻውን መቼ እንደጠጣ ሳትደብቁ ንገሩት።