ሞተርህ ውሃ እየጨረሰ ከሆነ፣ ቴስታታውን ከማስወረድህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በውሃ የሚቀዘቅዘው ባለ 200 ሲሲ ሞተር ሳይክልህ ማታ ማታ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲወጣ ሙቀቱ ቀይ ላይ ይደርሳል፤ በሳምንት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ትጨምርለታለህ፤ ግቢ ውስጥ አድሮ ስታየው ግን ከስሩ አንድ ጠብታ የለም። መካኒክህም «መሬት ላይ ካልፈሰሰ ሞተሩ ነው የሚበላው፤ ጋስኬቱ ሄዷል፣ ቴስታታው ይውረድ» ብሎሃል፤ ቴስታታው የሞተሩ የላይኛው ራስ ነው፣ ጋስኬቱ ደግሞ ከስሩ ያለው ማሸጊያ። ላስወርድ ወይ ብለህ ጠየቅክ። አታስወርድ። ቢያንስ ከዚህ በታች ያለውን ሳታይ አታስወርድ።

ይህን የምልህ እኔ አስወርጄ ስለከሰርኩ ነው። የኔም ልክ እንዳንተው ነበር ያደረገው። አንድ ጋራዥ ገባ፣ ቴስታታው ወረደ፣ ተላገ፣ አዲስ ጋስኬት ገባ። ሞተሩ እንጀራዬ ነው፤ ሳምንት ሙሉ ሥራ ፈታሁ። ከጋራዥ በወጣ በሦስተኛው ቀን ፖስታ ቤቱ አጠገብ ያው የሙቀት መብራት በራ። በመጨረሻ ሶማሌ ተራ ዕቃ ልገዛ ስሄድ አንድ ሽማግሌ መካኒክ የራዲያተሩን (ውሃው የሚቀዘቅዝበትን) ክዳን ከፍተው አዩና የክዳኑን ጎማ በጥፍራቸው ጫን አደረጉት። ዙሪያውን ፀጉር በሚያህል ስንጥቅ ተከፈተ። ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ሆኗል። ክዳኑን ቀየርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ውሃ ጨምሬ አላውቅም።

ክዳኑ ዝም ብሎ መክደኛ እንዳይመስልህ። ውስጡ ሞላ አለ፤ ብዙዎቹ ላይ 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ታያለህ። ግፊቱ 1.1 ባር እስኪደርስ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል ማለት ነው። ነገሩ እንደ ፕሬሸር ድስት ነው፤ የታፈነ ውሃ ቶሎ አይፈላም። እዚህ ከተማ ደግሞ ይህ ነገር ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይጎዳናል። ፒያሳ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ በዚህ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። እናቶቻችን ንፍሮ እዚህ ከአዳማ ይልቅ ይዘገያል የሚሉት ለዚህ ነው። ክዳኑ በደንብ ሲያፍን ግን ያው ውሃ እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል፤ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከተቀላቀለበት ከ120 ያልፋል።

አሁን አስበው። የብዙ ሞተሮች ፋን የሚነሳው 100 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ክዳኑ ካላፈነ ውሃህ ፋኑ ገና ሳይነሳ ፈልቷል! እንፋሎቱ ውሃውን እየገፋ ወደ ሪዘርቭ ታንክ (ትርፉን ወደሚይዘው ትንሽ ዕቃ) ይልከዋል፣ ታንኩ ሲሞላ በትርፍ ማስወገጃዋ ቀጭን ቱቦ አስፋልት ላይ ይደፋዋል። አንተ እየነዳህ ስለሆነ አታይም፤ ቤት ስትደርስ የሚቀር ጠብታ የለም። ሰው በዚህ ተታልሎ ፋን ይቀይራል፣ ሴንሰር ይቀይራል፣ እንደኔ ቴስታታ ያስወርዳል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑን ክፈት። አደራ፣ በትኩሱ እንዳትነካው። የታፈነው ውሃ ክዳኑ በተነሳበት ቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትህ ላይ ነው የሚመጣው። መንገድ ላይ ቢግልብህም አጥፍተህ ጠብቅ፤ ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ ማፍሰስ ቴስታታውን ሊያጣምመው ይችላል። የክዳኑን ጎማ በጣትህ እጠፍ አድርገህ እየው፤ ከተሰነጠቀ ወይም የራዲያተሩ አፍ ክብ ምልክት ጠልቆ ከቀረበት አበቃለት። መሃሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭም በጥፍርህ ሳብ አድርጋት፤ ተከፍታ ራሷ መመለስ አለባት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ከሪዘርቭ ወደ ራዲያተር መልሳ የምታስገባው እሷ ናት። እሷ ከደረቀች ጠዋት ላይ የራዲያተሩ ጎማ ቱቦ ተጨምቆ ታገኘዋለህ። አዲስ ክዳን ስትገዛ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ይሁን፣ የአፉንም ስፋት ከአሮጌው ጋር አስተያይ። የመኪና ክዳን ገጠመ ብለህ አትውሰድ።

ሁለተኛ፣ ሪዘርቩ ላይ በማርከር መስመር አድርግ። ጠዋት በብርዱ እየው፣ ማታ ስትገባ እየው፣ አድሮ ደግሞ እየው። ማታ ከፍ ብሎ ጠዋት ከተመለሰ ጤነኛ ነው። ማታ ከፍ ብሎ ጠዋትም እዚያው ከቀረ ክዳኑ መልሶ አይስብም፣ ወይም አየር የሚያስገባ የላላ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) አለ። ሪዘርቩ ምንም ሳይነቃነቅ ራዲያተሩ ብቻ ከጎደለ ግን ሌላ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

ያ ሌላ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የውሃ ፓምፑ ነው። ከፓምፑ ሽፋን ስር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ የፓምፑ «ሲል» (ውሃውን የሚያግደው ማሸጊያ) ሲያረጅ ውሃው ወደ ዘይቱ እንዳይገባ ሆን ተብሎ የተተወች መውጫ ናት። የጋለ ብረት ላይ የሚወርድ ውሃ መሬት ሳይደርስ ይተናል፤ ያንተ «ጠብታ የለም» ከዚህም ሊመጣ ይችላል። የሚቀረው ምልክቱ ነው፦ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ፣ እንደ ጨው የደረቀ መስመር። ሶፍት ጠቅልለህ ከቀዳዳዋ ስር በሽቦ እሰርና አንድ ቀን ነድተህ እየው። ቀለም ከያዘ ሲሉን አስቀይር። ይህችን ቀዳዳ በማስቲሽ የደፈነ መካኒክ አይቻለሁ። እባክህ እንዳታስደፍን፤ መውጫ ያጣ ውሃ ዘይት ውስጥ ነው የሚገባው።

ጋስኬቱ ላይ የምትደርሰው ይህ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ነው፤ እሱም ሳይፈታ ይታወቃል። በብርዱ ክዳኑን ከፍተህ ሞተሩን አስነሳና የራዲያተሩን አፍ ተመልከት። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ወጥቶ ቢያቆም የተጠራቀመ አየር ነው። ሳያቋርጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ፣ ጋዝ ስትሰጠው ከጨመረ፣ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ክዳኑን ዘግተህ ስታስነሳም ቱቦው ሞተሩ ሳይሞቅ በደቂቃ ውስጥ ከጠጠረ ያው ምልክት ነው። ከማርሚታው ጠዋት የሚወጣ ነጭ ጭስ ብቻውን አያስደንግጥህ፤ በአዲስ አበባ ብርድ የማንም ሞተር ያጨሳል። ሞተሩ ሞቆም ካላቆመና ጣፋጭ ሽታ ካለው ግን ኩላንት እየተቃጠለ ነው። የዘይት መክደኛው ላይ ወተት የመሰለ ነገር ማየትም አጭር አጭር ጉዞ ብቻ ለሚሄድ ሞተር የተለመደ ነው፤ ዘይቱ ራሱ፣ በሞተሩ የዘይት ማያ መስታወት በኩል ሲታይ፣ ማኪያቶ ከመሰለ ነው የምትፈራው።

ፋኑን ደግሞ እንዲህ ፈትን፦ ፊውዙን አይተህ፣ ሶኬቱን ነቅለህ ፋኑን ቀጥታ ከባትሪ አገናኘው፤ ከዞረ ፋኑ ደህና ነው፣ ጥፋቱ ሴንሰሩ ወይም መስመሩ ላይ ነው። ሴንሰሩን ግን የፈላ ውሃ ውስጥ ከተህ «አልሠራም» አትበል፤ የኛ የፈላ ውሃ 92 ነው፣ እሱ የሚጠብቀው ከዚያ በላይ ነው። ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው) ግን ብዙውን ጊዜ 80 አካባቢ ላይ ስለሚከፈት ድስት ውስጥ ይፈተናል። የሚያግልህ መጨናነቅ ላይ ብቻ ከሆነ ፋኑን ጠርጥር። መንገድ ተለቆልህ በፍጥነት ስትሄድም ከጋለ ግን ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም ቴርሞስታቱ አልከፈት ብሏል። ቴርሞስታቱን አውጥተው የሚጥሉ አሉ፤ በዚህ ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፣ ቤንዚን ይበላል፤ ተበላሽቶ ከሆነ በአዲስ ይተካ። ራዲያተሩን ስታሳጥብም የላቫጆውን ግፊት በቀጥታ አታስነካው፣ ክንፎቹ ይተኛሉ።

የቧንቧ ውሃውን ተው። ስትቀይር ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅል፤ የተጣራ ውሃ (የባትሪ ውሃ የሚባለውን) ስትል የባትሪ አሲድ እንዳይሰጡህ ተጠንቀቅ። ከሞላህ በኋላ ሞተሩን በጎን ማቆሚያው እንዳለ አትዝጋው፤ ቀጥ አድርገህ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ቱቦውን ጨመቅ ለቀቅ እያደረግህ አየሩን አስወጣ፣ ሲጎድል ጨምር፣ ከዚያ ዝጋ። የክዳኑን ጎማና የፓምፑን ቀዳዳ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ልቀቅልኝ፤ አረፋውም ካላቋረጠ በቪዲዮ አሳየኝ፣ ያኔ ስለ ቴስታታው እንነጋገራለን።