ከታች የሚጠቁር የበረንዳ ቲማቲም

እህቴ፣ «በባልዲ የተከልኩት ቲማቲም ቅጠሉ ያምራል፣ ፍሬው ግን ከታች በኩል እየጠቆረ ይበሰብሳል፤ ምን መድኃኒት ልርጭበት?» ላልሽው፣ ምንም አትርጪ። እኔ ረጭቼ አይቼዋለሁ።

የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አናቱን እየቆረጥኩ ስድስት ችግኝ ተከልኩ። ፍሬው እንቁላል ሲያክል ከታች ውኃ የነካው የሚመስል ነጥብ ያወጣል፤ ሳምንት ሳይሞላው ይጠቁርና እንደ ቆዳ ደርቆ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አንድ የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ሄጄ ብናገር፣ ሻጩ ያመጣሁትን ፍሬ ገልበጥ አድርጎ እንኳ ሳያይ የፈንገስ መድኃኒት ሸጠልኝ። ሦስት ጊዜ ረጨሁ። ወይ ፍንክች!

ለካ ጣጣው የውኃ ነው። ያኔ እኛ ብሎክ ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነበር። በመጣ ቀን ከሥር እስኪፈስ አጠጣለሁ፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ድረስ አፈሩ ደርቆ ከጀሪካኑ ግድግዳ ይላቀቅና ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጥራል። ፍሬው ካልሲየም የሚያገኘው ሥሩ ከሚስበው ውኃ ጋር ነው። ውኃው ሲቆራረጥ፣ አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ሞልቶም ቢሆን እስከ ፍሬው ታች አይደርስም። ቅጠሉ ደግሞ ብዙ ውኃ ስለሚያተን ቀድሞ ድርሻውን ይስባል። ያንቺም ቅጠሉ አምሮ ፍሬው የተበላሸው ለዚህ ነው።

የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተሽ ጨምሪበት የሚሉሽ አይጠፉም። አይጎዳም፤ ግን አፈር ውስጥ እስኪሟሟ ወራት ይፈጃል፣ ለዘንድሮው ፍሬሽ አይደርስልሽም። ዩሪያማ ጭራሽ እንዳትሞክሪ፤ ቅጠል ያፋፋና ችግሩን ያባብሰዋል።

አሁን የምጠቀመው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፣ ለአንድ ችግኝ አንድ። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ጥቁር አፈር ብቻውን ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ይቅርብሽ። ላዩን በጭድ እሸፍናለሁ፣ ፀሐይ የሚመታውን ጎን ደግሞ በጆንያ እጠቀልላለሁ፤ ቀትር ላይ ጀሪካኑን በእጅሽ ብትነኪው እንዴት እንደሚግል ታያለሽ። ውኃ በበርሜል አጠራቅሜ ጠዋት ጠዋት አጠጣለሁ። መጠኑን ጣቴ ነው የሚነግረኝ፦ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገባዋለሁ፣ እርጥብ ከሆነ እተወዋለሁ። ቅጠሉ ላይ አላፈስም፣ ሥሩ ላይ ብቻ።

የምዘራው ታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ እለቅማለሁ። ክረምት ላይ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ቲማቲም ዋግ መትቶት በጥቂት ቀን ውስጥ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ የግድ ከሆነ ጣሪያ ሥር አስገቢው። ዘሩ ሮማ ቢሆን ይሻላል፤ አጭር ስለሆነ ለበረንዳ ይመቻል፣ አንድ ሸንበቆ ብትደግፊለት ይበቃዋል።

የጠቆሩትን ፍሬዎች አሁኑኑ ልቀሚያቸው፤ አይድኑም፣ በከንቱ ነው ተክሉን የሚያደክሙት። ውኃው ከተስተካከለ ቀጥሎ የሚይዘው ፍሬ ንጹሕ ይሆናል።

ለመሆኑ ባልዲሽ ስንት ሊትር ነው? ከሥሩስ በስተሽዋል?