መልስ፦ ፌዘሩ ጠፍቶ ኖታው ብቻ የሚዋዥቀው ለምንድን ነው?
ሚክሱን (የተቀየረው ድምፅ ከዋናው ጋር የሚደባለቅበትን መጠን) 100 በመቶ ስታደርገው የፌዘሩ (የድምፅ ኢፌክቱ) ቀለም ለምን እንደሚጠፋ ጠይቀሃል። ፌዘር የሚሠራው ያልተነካውን ድምፅ ፌዙ (የሞገዱ አቀማመጥ በጊዜ) ከተቀየረው ቅጂ ጋር በማደባለቅ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ አንዳንድ ፍሪኩዌንሲዎች ይጠፋፋሉ፣ ኤልኤፍኦው (ኢፌክቱን የሚያወዛውዘው ቀስ ያለ ሞገድ) ደግሞ እነዚያን ክፍተቶች ወደ ላይና ወደ ታች ያንሸራትታቸዋል። ዋናውን ድምፅ ጨርሰህ ካስወጣኸው የሚጠፋፋ ነገር የለም፤ የሚቀርህ ቪብራቶ፣ ማለትም የኖታው ከፍታ መዋዠቅ፣ ብቻ ነው። ሚክሱን ወደ 50 በመቶ መልሰው፣ ክፍተቶቹ ይበልጥ የሚጠልቁት እዚያ ነው።

ከዚያ የኤልኤፍኦውን ፍጥነት ዝቅ አድርግ። ሙዚቃህ በደቂቃ 120 ምት፣ በ4/4 የሚሄድ ከሆነ፣ 0.125 ሄርዝ አንዱን ዙር ልክ በአራት ባር ያስጨርሰዋል። ረጅም ኮርድ ላይ ይህን በጣም እወደዋለሁ፤ ድምፁ ቀስ ብሎ ሲተነፍስ ትሰማዋለህ። ፊድባኩን (ከፌዘሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ የሚገባበትን መጠን) ግን በጥቂት በጥቂቱ ጨምር፤ ሲበዛ ማፏጨት ይጀምራል።